የጊታር ክር መቀየር፦ ሥራው ያለው ሁለቱ ጫፎች ላይ ነው

አዲስ ክር የተገጠመለት ጊታር በማግስቱ ቅኝቱን ሲለቅ መጀመሪያ የሚታማው መቃኛው፣ ማለትም የጊታሩ ራስ ላይ ያለው ክር ማጥበቂያ፣ ነው። ቀጥሎ ክሩ፣ ከዚያም የጊታሩ ርካሽነት። የመቃኛ ጥርስ አርጅቶ ክር የማይዝበት ጊዜ የለም አይባልም፤ ግን ከስንት አንዴ ነው። ክር የሚላላውም የሚበጠሰውም ብዙውን ጊዜ ጫፎቹ በደንብ ስላልተያዙ ነው፤ አንዱ ጫፍ ብሪጁ (የጊታሩ ፊት ላይ ክሮቹ የሚያዙበት እንጨት) ላይ፣ ሌላው የመቃኛው ዘንግ ላይ። መካከሉ ድምፅ ከመስጠት በቀር ብዙ ጣጣ የለበትም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል ስለ ሁለቱ ጫፎች ነው። ከዚያ በፊት ግን ጊታር የሚሰብር አንድ ስህተት አለ፤ እሱን እናስቀድም።

የትኛው ጊታር፣ የትኛው ክር

ክላሲካል ጊታር የሚሠራው ለናይለን ክር ነው። አኩስቲክ የምንለው ሌላው ጊታር ለብረት ክር ይሠራል። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሚለዩት ብሪጃቸው ላይ ነው፦ ክሩ በስድስት ትንንሽ የጎን ቀዳዳዎች አልፎ የሚታሰር ከሆነ ክላሲካል ነው፤ ክሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ስድስት ፒኖች (ውታፍ መሳይ መሰኪያዎች) የሚሰኩበት ከሆነ የብረት ክር ጊታር ነው። የክላሲካሉ አንገት ነቱ (ክሮቹ ከራሱ ወደ አንገቱ ሲያልፉ የሚያርፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ጋ ሲለካ 52 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የሌላው ወደ 43 ይጠጋል። የክላሲካሉ ራስም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ረጃጅም መስኮቶች የተፈለፈለ ነው።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀ። ስድስት የናይለን ክሮች ተቃኝተው ሲቆሙ በድምሩ ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስባሉ። በውፍረት ቁጥር 12 የሚጀምር (ቁጥሩን ወደ በኋላ እናያለን) የብረት ክር ስብስብ ደግሞ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል። የክላሲካል ጊታር ፊት ስስ ነው፤ ከውስጥ የሚደግፉት እንጨቶችም እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ቀጫጭን ናቸው፤ አብዛኞቹ አንገታቸው ውስጥ የብረት ዘንግ የላቸውም፤ ብሪጁም የተያዘው በሙጫ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የብረት ክር ሲወጠር ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። መጀመሪያ ክሮቹ ከጣት ሰሌዳው እየራቁ ይሄዳሉ፤ ተጫዋቹም «ጣቴ ገና ስላልለመደ ነው» ይላል። ቀጥሎ ከብሪጁ ጀርባ ያለው እንጨት ያብጣል። ከዚያ የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ከፊቱ ይላቀቅና ወረቀት ማስገባት ይቻላል። መጨረሻው አንድ ቀን ብሪጁ ተነቅሎ መውጣቱ ነው። ወረቀቱ የሚገባበት ደረጃ ላይ ከደረሰ ዛሬውኑ ክሮቹን ማላላት ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ብሪጁን አንስቶ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። ተነቅሎ ከወጣ ግን የፊቱን እንጨት ልጦ ይዞ ስለሚሄድ ጥገናው ይከብዳል።

ሻጩ «ሁሉም የጊታር ክር አንድ ነው» ቢል እንኳ አይመኑት። ማሸጊያው ላይ «ናይለን» ወይም «ክላሲካል» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ አሮጌዎቹን ክሮች ይዘው ይሂዱ። በናይለኑ ስብስብ ሦስቱ ቀጫጭኖች ዓሣ ማስገሪያ ክር የሚመስሉ ሲሆኑ ሦስቱ ወፍራሞች በላያቸው ሽቦ ቢጠመጠምባቸውም ውስጣቸው እንደ ሐር የተፈተለ ክር ነው። እነዚህን ሦስት ወፍራሞች አይቶ «ብረት ነው» ብሎ መሳሳት በጣም የተለመደ ነው።

በነገራችን ላይ ናይለኑም ቢሆን አዲስ ገቢ ነው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ክላሲካል ጊታር የሚጫወቱበት ክር ከእንስሳት አንጀት የሚሠራ ነበር፤ በእኛ በገና ላይ የምናውቀው ዓይነት። በጦርነቱ ጊዜ አንጀቱ ለቀዶ ሕክምና ስፌት ሲፈለግ ክር ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አልበርት ኦገስቲን የተባለ መሣሪያ ሠሪ ከስፔናዊው ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያ ጋር ሆኖ ናይለኑን ለጊታር አበቃው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ከብረት ወይም ኒኬል ከተቀባ ብረት ይሠራል። የአኩስቲክ ክር ግን ጥምጥሙ ነሐስ ነው። የኤሌክትሪኩ ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚቀበለው) ማግኔት ስለሆነ ነሐሱን አይሰማውም። ስለዚህ የአኩስቲክ ክር ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ቢገጠም ወፍራሞቹ ክሮች ከልሙጦቹ፣ ማለትም ሽቦ ካልተጠመጠመባቸው ቀጫጭኖች፣ አንጻር ደክመው ይሰማሉ። ጊታሩ ግን አይጎዳም።

ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የውፍረት ቁጥር ነው፤ በኢንች አንድ ሺኛ ይለካል። «12–53» ማለት ቀጭኗ 0.012 ኢንች፣ ወፍራሟ 0.053 ኢንች ናት ማለት ነው። ለአኩስቲክ 12–53 የተለመደው ነው፤ ለጀማሪ ጣት 11–52 ወይም 10–47 ይቀላል። ለኤሌክትሪክ 9–42 እና 10–46 ይበዛሉ። ጊታሩ ላይ ከነበረው ውፍረት ብዙ መራቅ አይመከርም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናያለን።

አሮጌውን ማውጣት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሽቦ የሚቆርጥ ፒንሳ፣ ክር ማጠንጠኛ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ እርሳስ፣ ስልክ ላይ የተጫነ የመቃኛ መተግበሪያ። ማጠንጠኛ ከሌለ በእጅ ማዞር ነው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ የሚያመጣው ችግር የለም።

የተወጠረ ክር በፍጹም አይቆረጥም። ቀጭኗ ክር ብቻዋን ወደ 10 ኪሎ ይዛለች፤ በድንገት ስትለቀቅ የምትመታው ፊትን ነው። ክሩ ተንዘላዝሎ ድምፅ መስጠት እስኪያቆም ድረስ አላልተው ከዚያ ይቁረጡ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት አንገቱን ያጣምመዋል የሚለው ፍርሃት ያለ መጠን የተጋነነ ነው። ለግማሽ ሰዓት ባዶውን መቀመጡ ምንም አያደርገውም፤ ለሳምንታት መተው ግን ጥሩ አይደለም። አንድ በአንድ መቀየር የግድ የሚሆነው ብሪጃቸው በክሩ ውጥረት ብቻ ለሚቆም ኤሌክትሪክ ጊታሮች ነው፤ ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ፒኖቹን ለማውጣት ፒንሳ አይጠቀሙ፤ ጭንቅላታቸው ይሰበራል። ክሩ ከላላ በኋላ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ቢገፉት ፒኑ ራሱ ይለቃል። እምቢ ካለ የማጠንጠኛው ጫፍ ላይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጎድጓዳ አለ፤ በእሱ መፈንቀል ነው። ያም ካልሆነ በድምፅ ቀዳዳው እጅ አስገብቶ ከሥር በሳንቲም መግፋት ነው። ፒኖቹን ሲያወጡ በቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው፤ እያንዳንዱ ከቀዳዳው ጋር ተላምዷል።

ክሮቹ ሲወጡ የጣት ሰሌዳውን ለማጽዳት ጥሩ ጊዜ ነው። ፍሬቶቹ (ሰሌዳው ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች) ሥር የተጋገረውን ጥቁር ነገር በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ ይበቃል። ሰሌዳው ያልተቀባ ጥቁር ወይም ቡናማ እንጨት ከሆነ በዓመት አንድ ሁለቴ ለጊታር ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት ጥቂት ጠብታ ማሸት ይቻላል። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይበላሽና ይሸታል፣ ይጣበቃል። እንደ መስተዋት የሚያበራ ነጣ ያለ ሰሌዳ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ዘይት አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ጫፍ፦ ብሪጁ

የብረት ክር አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ የናስ ኳስ አለው። ብዙ ሰው ክሩን የሚይዘው ፒኑ ይመስለዋል። አይደለም። ክሩን የሚይዘው ኳሱ ከብሪጁ ሥር ባለው ጠንካራ እንጨት ላይ መደገፉ ነው፤ የፒኑ ሥራ ኳሱ ከዚያ ቦታ እንዳይንሸራተት መከላከል ብቻ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ፒን እየተስፈነጠረ አያስቸግረውም።

ከኳሱ ከፍ ብሎ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ክሩን በመጠኑ ጎበጥ ያድርጉት። ኳሱን ወደ ቀዳዳው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያስገቡ። ፒኑን ቦዩ ወደ ድምፅ ቀዳዳው እንዲዞር አድርገው ላላ አድርገው ይሰኩት። አሁን ፒኑን በአውራ ጣት ይዘው ክሩን ወደ ላይ ይሳቡት፤ ኳሱ እንጨቱን ሲነካ ቆም ይላል፣ ይሰማዎታል። ያኔ ፒኑን በአውራ ጣት ጫን ያድርጉት። ይኸው ነው። መዶሻ አያስፈልግም።

ክሩ ሲወጠር ፒኑ ወደ ላይ ከወጣ ኳሱ የተቀመጠው ፒኑ ጫፍ ሥር ነው ማለት ነው። ደጋግሞ መጫን መፍትሔ አይሆንም፤ ማላላት፣ ማውጣት፣ የክሩን ጉብጠት ትንሽ መጨመር፣ እንደገና መሰካት ነው። ለማረጋገጥ የስልክዎን ካሜራ በድምፅ ቀዳዳው በኩል ወደ ብሪጁ አቅጣጫ አዙረው በብልጭታ ፎቶ ያንሱ። ስድስቱም ኳሶች እንጨቱን ተደግፈው መታየት አለባቸው፤ የተንጠለጠለ ካለ በኋላ ቅኝት የሚያስለቅቀው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጫፍ፦ የመቃኛው ዘንግ

እዚህ ነው ብዙው ጥፋት ያለው። አንዱ ምንም ሳያስተርፍ ወጥሮ ያስገባና ክሩ በአንድ ዙር ብቻ ይያዛል፤ ይንሸራተታል። ሌላው ክሩ እንዳይባክንበት ሙሉውን ይጠመጥመዋል፤ ዙሮቹ ይደራረባሉ፣ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ቀስ በቀስ ይቀመጣል፣ በተቀመጠ ቁጥር ክሩ ይላላል። ሁለተኛው ነው «ይህ ጊታር ቅኝት አይዝም» የሚያሰኘው።

ትክክለኛው መጠን ለወፍራሞቹ ጥምጥም ክሮች ከ2 እስከ 3 ዙር፣ ለልሙጦቹ ቀጫጭኖች ከ3 እስከ 4 ዙር ነው። አንድ ዙር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ክር ይበላል። ስለዚህ ክሩን በዘንጉ ቀዳዳ አሳልፈው ቀጥ እስኪል ይሳቡት፤ ከዚያ ለወፍራሞቹ 5፣ ለቀጫጭኖቹ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይልቀቁለት። ማስመሪያ መያዝ አያስፈልግም፤ ሦስት ጣት ጎን ለጎን ሲደረግ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

አቅጣጫው እንዲህ ይታወቃል፦ ክሩ ሁልጊዜ በዘንጉ የውስጥ በኩል፣ ማለትም ወደ ጊታሩ ራስ መካከል ባለው ጎን ማለፍ አለበት። ጊታሩን ፊት ለፊት፣ ራሱን ወደ ላይ አድርገው ሲያዩት በግራ በኩል ያሉት የወፍራሞቹ ዘንጎች ከሰዓት በተቃራኒ ይዞራሉ፤ በቀኝ ያሉት እንደ ሰዓት። ስድስቱም መቃኛዎች በአንድ ጎን ከተደረደሩ ሁሉም ከሰዓት በተቃራኒ ናቸው።

የመጀመሪያው ዙር ከቀዳዳው በወጣው ጫፍ በላይ ይለፍ፤ የቀሩት ከጫፉ በታች እየተደረደሩ ወደ ታች ይውረዱ። ጫፉ በሁለቱ መካከል ተቆንጥጦ ይያዛል፤ ክሩ በተወጠረ ቁጥር ይብሱን ይጠብቃል። ዙሮቹ ወደ ታች መውረዳቸው ሌላም ጥቅም አለው፤ ክሩ ነቱን ወደ ታች ተጭኖ ስለሚያልፍ አይነጥርም። ሲያዞሩ በአንድ እጅ ክሩን ነቱ ጋ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ልቅ ሆኖ ከተጠመጠመ ከላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው።

ትርፉን የሚቆርጡት ክሩ ከተወጠረ በኋላ ነው፤ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይተዉለት። ጥምጥም ክር አስቀድሞ መቁረጥ ካስፈለገ መጀመሪያ በፒንሳ ወደ ጎን ያጥፉት፣ ከዕጥፋቱ በኋላ ይቁረጡ። ያለ ዕጥፋት ከተቆረጠ የላይኛው ሽቦ ከውስጠኛው ብረት ሊላቀቅ ይችላል፤ ያ ክር ከዚያ በኋላ ድምፁ የሞተ ነው።

ክሩ ከመገጠሙ በፊት የእርሳስ ጫፍ በነቱ ቦዮች ውስጥ መላልሶ ማሸት ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ሲቃኙ «ጢን» እያለ የሚዘለውን ክር ብዙውን ጊዜ ዝም የምታሰኘው እሷ ናት።

ናይለን ሲሆን

ናይለን ኳስ ስለሌለው ይታሰራል። ክሩን ከድምፅ ቀዳዳው በኩል ወደ ብሪጁ ቀዳዳ ያስገቡ፤ ከኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። ጫፉን በብሪጁ አናት ላይ መልሰው በራሱ በክሩ ሥር ያሳልፉት፤ ከዚያ ወደ ኋላ መልሰው በተፈጠረው ቀለበት ሥር ይጠቅልሉት። ለወፍራሞቹ አንድ ጊዜ መጠቅለል ይበቃል። ለቀጫጭኖቹ ግን ሁለት፣ ለ1ኛዋ (ከሁሉም ቀጭኗ) ሦስት ጊዜ ይሁን፤ ናይለኑ ስለሚያሙለጭልጭ።

ወሳኙ ነገር የመጨረሻው ጥቅልል የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከብሪጁ አናት ላይ ሳይሆን ከኋላ ጠርዙ ወርዶ ጀርባው ላይ መቆንጠጥ አለበት። አናት ላይ ከቀረ ቋጠሮው ይፈታል፤ ሲፈታም ተስፈንጥሮ የጊታሩን ፊት ይቦጭራል። ክላሲካል ጊታሮች ላይ ከብሪጁ ጀርባ የሚታዩት ትንንሽ ጠባሳዎች አብዛኞቹ የዚህ ናቸው። ራሱ ላይ ባሉት ዘንጎች ክሩ ከላይ በኩል ገብቶ ጫፉ አንዴ በራሱ ሥር ይታለፍና 2 ወይም 3 ዙር ይጠመጠማል፤ ወደ ነቱ ቀጥ ብሎ እንዲሄድና ጎረቤቱን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

ናይለን የሚለጠጥ ነገር ስለሆነ ቅኝቱ እስኪረጋ ቀናት ይፈጃል። ዝግጅት ካለ በዋዜማው መቀየር አያዋጣም፤ ሳምንት ቀደም ማለት ነው። ከስድስቱ ቀድማ የምትሄደው ብዙውን ጊዜ 4ኛዋ ናት፤ ከጥምጥሞቹ ቀጭኗ ስለሆነች ፍሬቶቹ ሽቦዋን ቶሎ ይበሏታል። ትርፍ የሚያዝ ከሆነ እሷን።

ኤሌክትሪክ ላይ የሚለየው

የመቃኛው ሥራ ያው ነው። የሚለየው ብሪጁ ነው። በሌስ ፖል ዓይነት ጊታር ላይ ብሪጁና የክር መያዣው በክሩ ውጥረት ብቻ የቆሙ ስለሆኑ ሁሉም ክሮች ሲወጡ ይወድቃሉ፤ ቀለሙን ይጭራሉ። ስትራቶካስተር በሚባለው ጊታር ላይ ክሩ ከጀርባ በኩል ገብቶ ያልፋል፤ መቃኛዎቹ የድሮው ዓይነት፣ አናታቸው የተሰነጠቀ ከሆኑ ክሩ አስቀድሞ ይቆረጥና ጫፉ በዘንጉ መካከል ወዳለው ጉድጓድ ወደ ታች ይገባል። ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ብሪጅ ያለው ጊታር ላይ ኳሱ ተቆርጦ ይጣልና ባዶው ጫፍ በ3 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ይጠበቃል። እዚህ አንድ በአንድ መቀየር ግዴታ ነው፤ ክሮቹ በአንድ በኩል፣ ከጀርባ ያሉት ምንጮች በሌላ በኩል እየተሳሳቡ ስለሚቆም፣ ሁሉም ከወጡ ያን ሚዛን መልሶ ማግኘት ግማሽ ቀን ያስፈጃል።

መቃኘትና ማለማመድ

ከወፍራሟ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። የስልኩ መቃኛ ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) የሚያሳይ ከሆነ 82.4፣ 110፣ 146.8፣ 196፣ 246.9፣ 329.6 ይፈልጉ። ፊደሉን ብቻ የሚያሳይ የስልክ መቃኛ ከፍታውን ስለማይነግር ጀማሪ ክሩን ከሚገባው በላይ ወጥሮ ይበጥሰዋል። ጥርጣሬ ካለ የትክክለኛውን ድምፅ ቅጂ እያዳመጡ መቃኘት ይሻላል። ስድስቱንም መጀመሪያ ወደ ቅኝቱ አቅርበው ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱባቸው፤ አንዱ ሲወጠር እንጨቱ ትንሽ ስለሚሰጥ ሌሎቹ ይወርዳሉ።

ከዚያ እያንዳንዱን ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ይዘው ከሰሌዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ሦስት አራት ጊዜ። ይቃኙ። ይድገሙ። ከተሳበ በኋላ ሳይወርድ ሲቀር በቃ። በብረት ክር ላይ ይህ ሥራ ብረቱን መለጠጥ አይደለም፤ ዙሮቹ እንዲጠብቁ፣ ኳሱ ቦታውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ለዚህ ነው ጫፎቹ በደንብ የተሠሩለት ጊታር በአሥር ደቂቃ የሚረጋው። ሲቃኙም ምንጊዜም ከታች ወደ ላይ ይድረሱ፤ ካለፉት አላልተው እንደገና ይውጡ። ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር በመቃኛው ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ሲዘጋ ይወርዳል።

የክሩ ውፍረት ከተቀየረ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ወፍራም ክር አንገቱን ወደ ፊት ይበልጥ ያጎብጠዋል፣ ክሩ ከሰሌዳው ይርቃል፤ ቀጭን ክር አንገቱን ያቀናዋል፣ ክሩ ፍሬት እየነካ ይንጫጫል። የሚስተካከለው አንገቱ ውስጥ ባለው የብረት ዘንግ ነው፤ በአንዴ ከሩብ ዙር በላይ ሳያዞሩ፣ ቀን አሳድሮ እያዩ። ዘንጉ አልዞር ካለ ጉልበት መጨመር የለም፤ ባለሙያ ጋ መውሰድ ነው።

የት ተበጠሰ?

የተበጠሰ ክር ከመጣሉ በፊት የተበጠሰበት ቦታ ይታይ። ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ እዚያ ሹል ነገር አለ፤ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥሩ 600 እና ከዚያ በላይ በሆነ፣ በቀስታ ማለስለስ ነው። ነቱ ላይ ከሆነ ቦዩ ለክሩ ጠብቦታል፤ በተለይ ወፍራም ክር በተገዛ ሰሞን። መቃኛው ዘንግ ላይ ከሆነ ወይ ክሩ በፒንሳ ተጨምድዷል፣ ወይ የዘንጉ ቀዳዳ ጠርዝ ስለታም ነው። ኳሱ ጋ ከሆነ ክሩ ሲገባ ተጣምሞ ነበር፣ ወይም ኳሱ እንጨቱን ሳይደገፍ ቀርቷል። ተመሳሳይ ክር ተመሳሳይ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ከተበጠሰ ክሩን መውቀስ ትቶ ቦታውን መመርመር ነው።

መካከል ላይ፣ ፍሬት ያለበት ቦታ የተበጠሰ ግን ዕድሜውን የጨረሰ ነው። ከመበጠሱ በፊትም ይታወቃል፦ ጣት ከሥሩ ሲያልፍ ፍሬቶቹ የበሉት ጎርበጥባጣ ይሰማል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ባዶውን ሲቃኝ ልክ የሆነው 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ይሳሳታል። ላብና ቆሻሻ በጥምጥሙ መካከል ሲገባ የክሩ ክብደት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። ከተጫወቱ በኋላ ክሮቹን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይህን በብዙ ያዘገየዋል። አንዳንድ የባስ ጊታር ተጫዋቾች አሮጌ ክር አፍልተው ይመልሱታል፤ ቆሻሻው ስለሚለቅ ለጥቂት ቀናት ድምፁ በእርግጥ ይነቃል። የባስ ክር ውድ ስለሆነ ያዋጣቸዋል። ለጊታሯ ቀጭን 1ኛ ክር ግን ልሙጥ ስለሆነች የሚለቅ ቆሻሻ የላትም፤ ማፍላቱ ለዝገት ያጋልጣታል እንጂ የሚጠቅማት ነገር የለም።